አንድ መደብ ሎሚና ስድስት ብርጭቆ

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝና ሎሚ ልገዛ ከፎቅ ወረድኩ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ስለተኳረፈ መውረድን ለቁም ነገር ብቻ ነው የማስቀምጠው። በራችን ላይ የምትሸጠው ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ናት አልወቅሳትም፣ ሎሚውን በእጇ አፈሰችና ፌስታል ውስጥ ጨምራ ሚዛን ላይ ጣል አደረገችው። ቀይ ቁጥር ብልጭ አለ። "ግማሽ ኪሎ ሞልቷል፣ እማማ" አለችኝ። እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝና "መደብ የለሽም እንዴ?" አልኳት። "በኪሎ ነው የምንሸጠው፤ መደብ ከፈለጉ ጉልት ይሂዱ።" "ሎሚ እንዲህ ይጣላል? ሦስቱን ከታች፣ አንዱን ከላይ አድርገሽ ብትደረድሪው ምን አለበት?" ልጅቷ ሳቋን አፈነች። የአሮጊት ንዝንዝ ጀመረች ማለቷ ነው። ልጨምርላት አፌን ስከፍት ከኋላዬ አንድ ድምፅ "ቲቸር ጨው!" ብሎ ጮኸ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው በከተማው ውስጥ ብዙም አልቀረም። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ነው ያስተማርኩት። ከቦርሳዬ ጨው ስለማይጠፋ ተማሪዎቼ ይህን ስም አወጡልኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን ለአስተማሪ ከሚወጣው ስም ሁሉ የኔ ይሻላል ብዬ ተቀበልኩት። ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ "ጎማ" ነበር የሚባለው፤ ለምን እንደሆነ አልናገርም።

ዞር ስል አንዲት መነጽር ያደረገች፣ ረዥም ሻርፕ የተከናነበች፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ፊቷን ሳይ ዕድሜዋ ሁሉ ረገፈና ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ቀረች። "ዘይነባ!" አልኩ። "ቲቸር ጨው፣ ስንት ብሎክ እንዳንኳኳሁ ቢያውቁ! ሁሉም አንድ ዓይነት ነው እኮ" አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጉንፋን አለብኝ ብላት አልሰማ አለች። ፌስታሉን ነጥቃኝ በአንድ እጇ እኔን ደገፍ፣ በሌላው ጥቅሏን አቀፍ አድርጋ ደረጃውን አብረን ወጣን።

ቤት ገብተን ሶፋው ላይ እንደተቀመጥን እናቷ ካረፉ ሁለት ወር እንደሆናቸው ነገረችኝ። ሳልቀብራቸው። ማንም አልነገረኝም፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ የት እንደገባ ሳይታወቅ ተበትነን ማን ለማን ይንገር? አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ጥቅሏን ግን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። "ምንድነው እሱ?" ስላት "ይደርሳል፣ ቲቸር። መጀመሪያ ስለ እናቴ እናውራ" አለችኝ። እኛም አወራን። ይኸው እሷ ከሄደች ሳምንት ሆነ፤ እኔ ግን እስካሁን እያወራሁ ነው።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ሠሪ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ አልነበረም፤ የሰውየው መዶሻ ነው። ቤልቦተም ፋሽኑ ሊያልፍበት ትንሽ ቀርቶታል፤ እኔ ግን ገና መግዛቴ ስለነበር አልፏል የሚለውን ሰው አልሰማም። ታኮ ጫማዬን አድርጌ በዚያ ጭቃ ላይ ትምህርት ቤቱ እስካለበት እስከ አብነት ስራመድ የሚያየኝ ሁሉ ይስቅ ነበር አሉ። ዝናብ ሲሆን ውይይት ታክሲ ላይ እወጣለሁ። ትይዩ ተቀምጠን ጉልበታችን እየተጋጨ፣ የማላውቀው ሰው ስለ በርበሬ መወደድ እያማከረኝ እደርሳለሁ፤ ስሙ ውይይት የሆነው በከንቱ አይደለም። ጥግ ላይ ያለው ካሴት ቤት በሩን ከከፈተ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ነው የሚያጫውተው፤ እስኪሰለቸን ድረስ፣ ከዚያም መሰልቸቱ አልፎ እስክንወደው ድረስ። ያቺ ጥግ አሁን የምድር ቤት ባንክ ሆናለች። ባንኩ በር ላይ ስቆም ዘበኛው ምን ፈለግሽ ይለኛል፤ ዘፈን ብለው ምን ይለኝ ይሆን?

ትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ነበረው፤ የላብራቶሪው ቁልፍ ግን ጠፍቷል። ቁልፉ ሲገኝም ውስጡ አንድ የተሰበረ ሚዛንና አንድ ባልዲ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ትኩስ ነኝ። መጽሐፉ ላይ ስለ ክሪስታል አሠራር ምዕራፍ አለ፤ ጥቃቅን ኳሶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ከሥር "ይህ የጨው ክሪስታል ነው" ይላል። ቅንጣቶቹ እንዴት አንዱ በሌላው ላይ እንደሚቀመጡ፣ ስንቱ ስንቱን እንደሚነካ ሰሌዳ ላይ ልሥል ስሞክር ልጆቹ ያዛጋሉ። ኩብ ሥዬ "ይሄ ምንድነው?" ስላቸው በቀለ የሚባል ቀልደኛ ከኋላ "የቀበሌ ቤት ነው፣ ቲቸር፣ ቆርቆሮው ቀርቷል" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይሄ በዓይን ካልታየ፣ በእጅ ካልተነካ አይገባቸውም አልኩና "ነገ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ ክሪስታል የሆነ ነገር ይዛችሁ ኑ" ብዬ አዘዝኩ። በልቤ ጨው፣ ስኳር፣ ጸጉር አስተካካዮች ምላጭ ሲቆርጥ ደም የሚያቆሙበት ሽብ ያመጣሉ ብዬ ነው። ጨው ያለበት ቤት ሁሉ ክሪስታል አለ፤ ምን ይከብዳል?

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ክሪስታል የሚለው ቃል በሰፈራችን ውስጥ አስቀድሞ ቤት አለው፤ የሚኖረው ቡፌ ውስጥ ነው። ባለ መስታወት በሩ ቡፌ፣ ከሥሩ ዳንቴል የተነጠፈለት፣ በላዩ የሠርግ ፎቶ የቆመበት። እዚያ ውስጥ የሚደረደሩት፣ ማንም የማይጠጣባቸው፣ ለዒድና ለሠርግ ብቻ የሚወጡት፣ ሲነኳቸው የሚዘምሩት ብርጭቆዎች ናቸው ክሪስታል። እኔም ራሴ የእናቴን እንዲያ ብዬ እየጠራሁ ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ስማር ግን የቤቴን አማርኛ ረስቼው ቁጭ።

በማግስቱ አብዛኛው ባዶ እጁን መጣ። ሦስት ልጆች ጨው አመጡ። በቀለ የአባቱን መነጽር አመጣና "ብልጭ ይላል" አለኝ። ዘይነባ፣ ያቺ ተናግራ የማታውቅ ልጅ፣ ደብተሯን አስቀምጣ ከሻሿ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ፈታች። ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ጎኑ በአልማዝ ቅርጽ የተቀረጸ። የመስኮቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ተረጨ፤ ልጆቹ "ውይ!" አሉ። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ አደራዬን ከምር የተቀበለችው እሷ ነበረች። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ብርጭቆውን ተቀብያት ከፍ አደረግኩና "ይሄ ክሪስታል ነው የሚል እጁን ያውጣ!" አልኩ። ሁሉም እጁን አወጣ። "ሁላችሁም ተሳስታችኋል! ይሄ ተራ ብርጭቆ ነው። ውስጡ ሥርዓት የለውም፣ ዝብርቅርቅ ነው። ገበያ ሄዶ ስም ስለተሰጠው ክሪስታል አይሆንም!" ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቃቸው ጣመኝ። የዘይነባ ፊት ሲጠቁር እያየሁ ብርጭቆውን ሳላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፤ በየቀኑ የምረግመው ጠረጴዛ። ብርጭቆው ተንሸራቶ ወደቀና ተሰበረ።

እዚህ ላይ ይቅርታ ብጠይቅ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። ኩራቴ ግን አልፈቀደም። ደነገጥኩ፣ መደንገጤን እንዳያዩብኝ ፈለግኩ፣ ስብርባሪውን በጣቴ እያሳየሁ "አያችሁ? ክሪስታል ቢሆን ኖሮ እንደ ጨው በቀጥታ መስመር ነበር የሚሰነጠቀው። ይሄ ግን እንዳገኘ ነው የተሰበረው" ብዬ ትምህርት አስተማርኩበት። በልጅቷ እናት ንብረት ስብርባሪ ላይ ቆሜ! ዘይነባ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችው። ሻሿ ውስጥ ቋጠረችው። ደወል ተደወለ። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሳልስቱም አልመጣች።

ሳምንቱ ሲያልቅ አላስቻለኝም። ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። አንዲት ልጅ በኔ አፍ ምክንያት ከትምህርት ልትቀር ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ልጅ አንዴ ከቀረች የሚመልሳት የለም፤ ወይ ትዳር ወይ ጉልት ይውጣታል። በቀለን ይዤ ቤቷ የት እንደሆነ ስጠይቀው "ቤቷን አላውቅም፣ እናቷ ግን አብነት ጉልት ላይ ሎሚና ቲማቲም የሚሸጡት እትዬ ከድጃ ናቸው" አለኝ። ቅዳሜ ሄድኩ።

እትዬ ከድጃ ከወሎ በሙሽርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች በዚያች ጉልት ነው ያሳደጉት። ዘይነባ ከኋላቸው ኬሻ ላይ ተቀምጣ የተበላሸ ቲማቲም ትለቅማለች። ስታየኝ አቀረቀረች። አስተማሪዋ ነኝ ስላቸው እትዬ ከድጃ ብድግ አሉ። "እሰየው! መጡልኝ! እስኪ ይምከሩልኝ፤ ትምህርት አልወድም ብላ ቁጭ አለች። ስትማር ነው እንጂ የኔን ኬሻ እንድትወርስ መች አሰብኩ? ምን ነካት ብላት አትናገርም።" ልነግራቸው አፌን ስከፍት ዘይነባ ከእናቷ ጀርባ በዓይኗ ለመነችኝ፤ ስለ ብርጭቆው አልነገረቻቸውም። ወኔ ከዳኝ። ይህ ሁሉ አፍ ያለኝ ሴትዮ "አንድ መደብ ሎሚ ይስጡኝ" ብዬ አረፍኩ። አንድ መደብ በስሙኒ ነበር። አጎንብሼ ከሥር ያለውን ትልቁን ሎሚ ሳብ ሳደርግ ሌሎቹ ተንከባልለው እስከ መንገዱ ሄዱ። እትዬ ከድጃ በሳቅ ፈነዱ። "ከላይ ነው የሚነሳው እንጂ! አስተማሪ ሆነው ይሄን አያውቁም?"

ሎሚዎቹን ሰብስበው ሲደረድሩ አየኋቸው። ሦስቱን አጠጋግተው ያስቀምጣሉ፤ መሃል ላይ በምትቀረው ጎድጓዳ ስፍራ አራተኛውን ጣል ያደርጉታል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሚዛን አያዩም፣ አይለኩም። ጎን ለጎን ሃያ መደብ ተደርድሮ አንዱ እንኳን አይንከባለልም። ከኋላ ደግሞ ገና ያልተመደበው ሎሚ እንደ ክምር ተከምሮ እስከ ወገባቸው ቆሟል። "እንዴት ነው የማይወድቀው?" አልኳቸው። "ሎሚ ቦታውን ያውቃል። እኔ ምን አደርጋለሁ? ጉድጓዱን አሳየዋለሁ፣ እሱ ራሱ ይገባል።" ቆሜ ቀረሁ። መጽሐፉ በሦስት ገጽ ያላስረዳኝን ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት።

ያን ሌሊት አደርኩና በማግስቱ ተመለስኩ። ዘይነባ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ታኮ ጫማዬን አውልቄ ኬሻው ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብርጭቆውን፣ ሳቁን፣ ስብርባሪው ላይ ቆሜ ያስተማርኩትን። እትዬ ከድጃ አላቋረጡኝም። ስጨርስ "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት አወቁ? ነገረችዎት?"

"ስድስት ነበሩ፤ የሠርጌ ናቸው። ሦስት በሦስት አድርጌ ነው የምደረድራቸው። ያን ዕለት ከገበያ ስገባ ቡፌውን አየሁት፤ አራቱ ጥግ ጥግ፣ አንዷ መሃል። ባዶ ቦታ እንዳይታይብኝ ብላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስደረድር የኖርኩ ሴት አንድ ሲጎድል አይታየኝም? ራሷ እስክትነግረኝ ብዬ ዝም አልኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያች ደቂቃ "እርስዎ" ይሉኝ የነበሩት ሴትዮ ድንገት ተለወጡ። "ስሚ፣ ልጄ። ብርጭቆው ይሰበር፤ ብርጭቆ ነው። ልጄን ግን ለምን አሳቅሽባት? ያውም በኔ ብርጭቆ?"

  አለቀስኩ፤ በጉልት መሃል፣ ቲማቲም የሚገዛው ሁሉ እያየኝ። እትዬ ከድጃ የሻሻቸውን ጫፍ ሰጡኝ። "አብሽሪ። ሰው ይሳሳታል። ግን በክፍሉ ፊት ያደረግሽውን በክፍሉ ፊት አንሺው። እዚህ መጥተሽ ለኔ ብታለቅሺ ልጄን ምን ይጠቅማታል?" እኔም ያን ጊዜ ነው ያልኳቸው፦ "እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎት። ሎሚውን ይዘው ይምጡና ክፍሌን ያስተምሩልኝ።" መጀመሪያ የምቀልድ መሰላቸው። "ወላሂ ይቺ ልጅ አብዳለች! ፊደል ያልቆጠርኩትን ሴትዮ?" ስለምናቸው ዋልኩ። በመጨረሻ እሺ ያሰኛቸው የኔ ልመና አልነበረም፤ "ዘይነባ ኬሻውን ተሸክማልኝ ትመጣለች፤ በዚያ ሰበብ በሩን ትረግጣለች" ብለው አስበው ነው።

ማክሰኞ ዕለት መጡ። ዲሬክተሩ ደረጃው ላይ አገኘንና "ምንድነው ይሄ፣ ጉልቱን ወደ ትምህርት ቤት አዛወርሽው?" አለኝ። "ላብራቶሪው ተከፈተ፣ ጌታዬ" ብዬው አለፍኩ። ዘይነባ ኬሻውን በር ላይ አስቀመጠችና አልገባም ብላ ውጭ ቀረች። እትዬ ከድጃ ወለሉ ላይ ኬሻ አነጠፉ፣ ልጆቹን ዙሪያውን አስቀመጡ፣ እኔንም "አንቺም ቁጭ በይ" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ለየቡድኑ ሎሚ አደሉ። "ደርድሩ።" በቀለ አንዱን ሎሚ በሌላው አናት ላይ ልክ በልኩ ሊያቆም ሞከረ፤ ወደቀ። ደገመ፤ ወደቀ። "አንተ አራዳ" አሉት እትዬ ከድጃ፣ "ሎሚን አናቱ ላይ አትውጣበት። ጉድጓዱን ፈልግለት።" ፈለገለት፤ ቆመ። መጀመሪያው ንጣፍ፣ ሁለተኛው ንጣፍ ተሠራ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለት ዓይነት ጉድጓድ እንዳለ ልጆቹ ራሳቸው አገኙት። በአንዱ ብታስቀምጠው በቀጥታ ከመጀመሪያው ሎሚ አናት ትይዩ ይውላል፤ በሌላው ብታስቀምጠው አዲስ ቦታ ይይዛል። መጽሐፉ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ በፊደላት የተጻፈው፣ እኔ ሁለት ቀን ያለቀስኩበት ነገር! አንዱ ቡድን አራት አራት እያደረገ ካሬ ደረደረ። ወንዶቹ ኪሳቸው ውስጥ ብይ አይጠፋም፤ ብዩን በሎሚዎቹ መሃል ባሉት ክፍተቶች ስንከታቸው ልክ መጽሐፉ ላይ ያለው ጨው ሆነ። ትልቁ ሎሚ አንዱ ቅንጣት፣ ትንሿ ብይ ሌላዋ። ከላይ ሆነን ፊቱን ስናየው አራት ሎሚ ጥግ ጥግ፣ አንድ ሎሚ መሃል። ያን ሳይ አወቅሁት፤ የዘይነባ ቡፌ ነው። እትዬ ከድጃም አይተውታል፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ከዚያ ጥያቄዬን ጠየቅኩ። "አንድ ሎሚ ክምር ውስጥ መሃል ላይ ቢሆን፣ ስንት ሎሚ ይነካዋል?" ስምንት ያለ አለ፣ ስድስት ያለ አለ። እትዬ ከድጃም ተጨንቀው "ይሄንስ ቆጥሬው አላውቅም" አሉ። ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"አሥራ ሁለት።"

ሁሉም ዞረ። ዘይነባ ግማሽ ፊቷን ብቻ አሳየች። በቀለ "አይሆንም!" አለ። "ቁጠረው" አለችው። አንድ እግሯን አስገባች፤ ሁለተኛውንም አስገባች፤ ኬሻው ላይ ተንበርክካ አሳየችው። ዙሪያውን ስድስት፣ ከሥር ሦስት፣ ከላይ ሦስት። ከትምህርት በቀረችባቸው ቀናት፣ በእናቷ ጉልት ላይ፣ የምትለቅም መስላ ስትቆጥር ከርማለች። ብድግ አልኩ። "አሥራ ሁለት ነው" አልኩ፣ "ዘይነባ ልክ ናት። ባለፈውም ሳምንት ልክ ነበረች። ክሪስታል አምጡ አልኩ፣ እሷ በቤቷ ክሪስታል የሚባለውን፣ ከቤቷ ሁሉ የከበረውን አመጣች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የቃሉን ሁለት ትርጉም ሳልነግራችሁ። ብርጭቆውንም የሰበርኩት እኔ ነኝ። በላዩም አሳቅኳችሁ። ዘይነባ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"  ልጅቷ ምን እንደምትል ጨንቋት ሎሚ ሎሚውን አየች። በኋላ ተነሥታ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ቦታዋ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ስንበተን እትዬ ከድጃ ሎሚያቸውን እየለቀሙ "ታዲያ የኔ ብርጭቆ ክሪስታል ካልሆነ ምንድነው?" አሉኝ። ቀልጦ ሳለ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ቦታ ቦታቸውን ሳይዙ፣ እንደተገፋፉ፣ እንደተደበላለቁ ደርቀው ይቀራሉ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እንደኛ ሰፈር በይኛ!" ብለው ሳቁ። "ማንም ቦታውን ሳይመርጥ ተደበላልቆ የቀረ። ግን ያምራል አይደል?" ያምራል አልኳቸው። ያምር ነበር። የክርስቲያኑ አጥር የሙስሊሙ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ሠሪው ጓሮ የኔ መኝታ ቤት። አሁን ልደታ በረድፍ በረድፍ፣ ብሎክ በብሎክ ተደርድሯል፤ ውሃውም መብራቱም ቤት ውስጥ ነው፣ አላማርርም፤ ያኔ ሽንት ቤት ለመሄድ ጃንጥላ ይዤ ነበር የምወጣው። ቢሆንም ዘይነባ እኔን ለማግኘት ሦስት ቀን በሮች ስታንኳኳ ከርማለች። ድሮ ቢሆን አንዱን ልጅ "የቲቸር ጨው ቤት የት ነው?" ብትለው እጇን ይዞ ያደርሳት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በኋላ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ እየወረድኩ ያን ብርጭቆ የሚመስል ስፈልግ ከረምኩ። በመጨረሻ አገኘሁ፤ ወገቡ ያው፣ ቅርጹ ያው። እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። እትዬ ከድጃ አገላብጠው አዩትና በጥፍራቸው ነካ አደረጉት፤ ጠቅ አለ። "አይ፣ ልጄ፤ ይሄ ሌላ ነው። ድምፁን ስሚው፤ አይዘምርም። አንቺ ጠጪበት" ብለው መለሱልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ውሃ የምጠጣው በእሱ ነው። ዘይነባ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ፋርማሲ ተማረች፣ ዛሬ መድኃኒት ቤት አላት። እኔም እስከ ጡረታዬ ድረስ ያን ምዕራፍ ያለ ሎሚ አስተምሬው አላውቅም። ስንት ልጅ አለፈበት! ሁሉም የእትዬ ከድጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዙን የበላሁት እኔ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ አውርተን፣ ስቀንም አልቅሰንም ስናበቃ፣ ዘይነባ ጥቅሏን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና መፍታት ጀመረች።

"ቲቸር፣ እናቴ ብርጭቆዎቹን ወደ ሦስት በሦስቱ መልሳቸው አታውቅም። ያኔ እኔ እንደደረደርኳቸው፣ አራት ጥግ ጥግ፣ አንድ መሃል፣ እንደዚያው ቀሩ። ቤቱ ሲፈርስም፣ ጀሞ ስንገባም አዲሱ ቡፌ ላይ እንደዚያው ነው የደረደረቻቸው። ለዒድ አራቱን ታወጣለች፤ የመሃሏን ማንም አይነካትም። እንግዳ በዝቶ ብርጭቆ ሲያንስ እንኳን ከጎረቤት ትበደራለች። ለምን ስንላት 'እሷ የሰው ናት' ትለን ነበር።"

"የማን?"

"ልታርፍ ስትል ነው የነገረችን። አራታችንንም ጠራችና 'ጥግ ጥጉ የናንተ ነው፣ አንዳንድ ውሰዱ' አለች። 'የመሃሏስ?' አልኳት። 'እሷማ የቲቸር ጨው ናት። ፈልጊና ስጫት።'"

ሻርፑ ተፈታ። ወገቧ ቀጠን ያለች፣ ጎኗ በአልማዝ የተቀረጸች። ዘይነባ ተነሥታ ከኩሽና የኔን የመርካቶውን ብርጭቆ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ መንታ ይመስላሉ። ጥፍሬን ወደ አንዱ ላክሁ፤ ጠቅ አለ። ወደ ሌላዋ ላክሁ። ዘመረች፤ ረዥም ዘመረች። ሁለታችንም ድምፁ እስኪጠፋ ሰማን።

"ጉንፋን ላይ ነዎት" አለችኝ ዘይነባ። ውሃ አሙቃ ቀዳችባት፣ ከፌስታሉ አንድ ሎሚ አወጣችና ጨመቀችልኝ። ልጠጣ ሳነሣት እንደ ያኔዋ እንዳትወድቅብኝ ፈራሁ። እሷም እጇን ከሥር አድርጋ ያዘችልኝ፤ እስክጨርስ ድረስ አለቀቀችም።